ስለ ንጹሕና ስለ ልከኛ መኪና



የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ ምጣኔ ሀብትና ስለ አየር ንጽሕና አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ ሁለቱን በአንድነት የሚያሳይ፥ ሁላችሁም በየቀኑ የምታዩት፥ አንዳንዶቻችሁም አሁን ከደጅ አቁማችሁት የገባችሁት ነገር መኪና ስለ ሆነ፥ ንግግሬን በእርሱ ላይ አድርጌዋለሁ። የምናገረውም መኪና ይጥፋ፥ ሁላችንም በእግራችን እንሂድ ለማለት አይደለም። አገራችን ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ስትታይ በዓለም እጅግ ጥቂት መኪና ካላቸው አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፥ ገና ብዙ መኪና መግዛቷ የማይቀር ነው። ነገር ግን ወደ ፊት የምንገዛው እስከ ዛሬ ከገዛነው እጅግ ስለሚበልጥ፥ ምን ዓይነት መኪና እንግዛ ብሎ ለመምከር ጊዜው አላለፈብንም፤ መንገዶቻቸውን በትልልቅ መኪና ሞልተው፥ ሰፈሮቻቸውን ለመኪና ማቆሚያ አፍርሰው ከጨረሱ በኋላ መጸጸት ለጀመሩት አገሮች ይህ ዕድል አልቀረላቸውም።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በረሓውንና ገደሉን በብዙ ድካም አልፎ እስከ አዲስ አበባ ያደረሰውን አውቶሞቢል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከተቀበሉ ወዲህ፥ መኪና በመጀመሪያ የንጉሥ፥ ቀጥሎ የመሳፍንትና የመኳንንት፥ ከዚያም የሚኒስትሮች ዕቃ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈየ። የአንድ ሰው ትልቅነት በበቅሎው ማለፊያነትና ከኋላው በሚከተለው ሰው ብዛት ይታወቅ በነበረበት አገር፥ ክብር ከበቅሎ ወርዶ ወደ መኪና መዛወሩ የሚያስደንቅ አይደለም። በኋላ ግን ቮልስዋገን መጥታ በመምህሩ፥ በባንክ ጸሓፊውና በሐኪሙ እጅ ገባች፤ ፊያት ሰይቼንቶም ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች፤ የእነዚህ የሁለቱ ትንንሽ መኪናዎች ውለታ እስከ ዛሬ በሚገባ አልተጻፈላቸውም። መኪና የማዕርግ ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ለከተማው ሰው ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። ዛሬ ያንን ሥራ የያዘችው ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ አንድ ሺህ ወይም አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ በሆነ ሞተር ልጅ ከትምህርት ቤት ታመጣለች፥ በሌሊት ራይድ በተባለው የታክሲ አገልግሎት ትሠራለች፥ ለሠርግ ትከራያለች። ይሁን እንጂ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል ደጅ በቪትዝ የደረሰ ሰው ዘበኛው እንዴት እንደሚመረምረው፥ ቪ8 በተባለው ትልቅ መኪና የደረሰው ደግሞ መስኮቱን ሳያወርድ እንዴት እንደሚያልፍ ያየ ሁሉ፥ የበቅሎው ዘመን ጨርሶ እንዳላለፈ ያውቃል።

እንግዲህ ትንሽ መኪና ይበረታታ የሚል ሁሉ የሚገጥሙት ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ያረጀ ሞተር ጢስ ነው፥ ሁለተኛው ውዳሴ ከንቱ ነው። ለመጀመሪያው መንግሥታችን መድኃኒት መፈለግ ጀምሯል፤ ሁለተኛው ግን እስካሁን ሐኪም አለማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፥ የመጀመሪያውን ለማዳን በተሰጠው መድኃኒት እየሰባ ያለ ይመስለኛል። የዛሬ ንግግሬም ሁሉ ይህንን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጢሱ ልናገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፥ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያህል ያገለገሉ ቀላል መኪናዎች ከአውሮፓ፥ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች እንደ ተሸጡ፥ ከእነርሱም ትልቁን ድርሻ አፍሪካ እንደ ተቀበለች ገልጿል። አንድ መኪና በአገሩ የምርመራ ሕግ ወድቆ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሲከለከል አይሞትም፤ መርከብ ላይ ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ እኛ መጥቶ ሁለተኛ ዕድሜ ይጀምራል። በእኛም በኩል የነበረው የቀረጥ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ይህንን ያግዝ ነበር፤ ቀረጥ የሚታሰበው በዋጋ ላይ ስለ ሆነ፥ መኪናው ባረጀ ቍጥር ዋጋው ያንሳል፥ ዋጋው ባነሰ ቍጥር ቀረጡ ይቀላል፤ ስለዚህ ሕጉ ራሱ ሳያስበው ለአሮጌው ያዳላ ነበር።

በዚህ ላይ የአገራችን ተፈጥሮ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። ካርቡራቶር ያለው አሮጌ ሞተር ለቈላው አየር ተመጥኖ የተሠራ እንደ መሆኑ፥ በደጋ ላይ ነዳጁን ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ይቀንስበታል፤ ቤንዚኑ በሚገባ ሳይቃጠል በማርሚታው በኩል ጥቍርና መርዛም ጢስ ሆኖ ይወጣል። ከጊዮርጊስ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት በአንድ አሮጌ መኪና ኋላ የሄደ ሰው ይህን ነገር ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ነዳጅ ስለማያቃጥል የአየሩ መሳሳት ኃይሉን አይቀንስበትም፤ ቍልቍለት ሲወርድም በፍሬን ፈንታ ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ተራራማ ከተማ ለዚህ ሞተር ትመቸዋለች፤ እኛም ይህንን ጸጋ ሳንፈልገው ያገኘን ነን።

የካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 በዚህ ረገድ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በእርሱ ሥርዓት 1300 ሲሲ ወይም ከዚያ በታች የሆነ አዲስ አውቶሞቢል 5 በመቶ፥ እስከ 1800 ሲሲ ድረስ ያለው 60 በመቶ፥ ከዚያ በላይ ያለው 100 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ፤ ያገለገለው ደግሞ እንደ ዕድሜው እየጨመረ፥ ትልቅና እጅግ ያረጀ ከሆነ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በፊት በነበረው ሕግ ትንሹ አዲስ መኪና 30 በመቶ ይከፍል እንደ ነበር ስናስታውስ፥ አዋጁ ያደረገውን ለውጥ በግልጽ እናያለን። በሁለት ሚዛን መዝኗልና፤ አንደኛው ዕድሜ፥ ሁለተኛው የሞተር ስፋት ነው። እርግጥ አዋጁ ያላሰበው ውጤትም አምጥቷል፤ አስቀድሞ በአገር ውስጥ የነበረው አሮጌ ቪትዝ ዋጋው እንደ ቤትና እንደ መሬት ወደ ላይ ወጣና፥ መኪና ባገለገለ ቍጥር መርከስ ሲገባው በእኛ አገር ገንዘብ ማስቀመጫ ሆነ። ሆኖም የአዋጁ መንፈስ ቅን ነበረ፤ ትንሽና አዲስ የሚገዛ ይቅለለው፥ ትልቅና አሮጌ የሚገዛ ይክበደው የሚል ነበርና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኩባንያ ሃዩንዳይ አዮኒክ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና በአገር ውስጥ ገጣጥሞ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከኤክሳይዝ፥ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አድርጎ፥ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡት ምንም ቀረጥ እንዳይከፍሉ፥ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ፥ ያለቀላቸው ደግሞ 15 በመቶ እንዲከፍሉ ፈቀደ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በይፋ ተናገሩ፤ በዚህም ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ይህን እርምጃ ወሰደች። ምክንያቱ የሰማይ ጽድቅ ብቻ አልነበረም። ነዳጃችንን ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ እየገዛን በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ስናፈስ፥ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ግን ከዘጠና ከመቶ በላይ ከወንዞቻችን የሚገኝ ነው፤ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በራሱ ጕድጓድ ውኃ እያለው ከጎረቤት በገንቦ የሚገዛ ሰው ከሚያደርገው ይልቅ እኛ የተሻለውን መርጠናል።

በዚህ ቦታ ላይ አዳራሹ ቢያጨበጭብ አልቃወምም፤ እኔም አጨበጭባለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይታሰብ ከእጃችን አምልጧል። በ2012ቱ አዋጅ ትልቁን ከትንሹ የምንለይበት ሚዛን የሞተሩ ሲሲ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሲሊንደር የለውም፥ ሲሊንደር ከሌለ ሲሲ የለም፥ ሲሲ ከሌለ አዋጁ የሚመዝንበት ነገር የለውም። ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱ በአንድ ጊዜ ከገበያው ወጣ፤ በቦታውም ሌላ አልተተካም። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚታየው ቢዋይዲ ሲጋል የተባለው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ያህል የሚመዝን ትንሽ መኪናና፥ ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ የተባለው ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር መኪና፥ በዚያ የ2022 ውሳኔ ፊት እኩል ሆነው ቆሙ። ትልቁ ዋጋው ስለሚበልጥ የሚከፍለው ገንዘብ ይበልጥ ነበር፤ የቀረጡ ልክ ግን አንድ ነበር። በቤንዚን ዘመን በ5 እና በ100 መካከል የነበረው ልዩነት በኤሌክትሪክ ዘመን ዜሮ ሆነ፤ ውዳሴ ከንቱም ያለ ኤክሳይዝ ነጻ ወጣ።

ምን ጕዳት አለው፥ ጢስ አያወጣም የሚል ቢኖር፥ ሦስት ነገር እመልሳለሁ። አንደኛው የብናኙ ነገር ነው፤ ሁሉም መኪና፥ ንጹሕ የተባለውም ጭምር፥ ከጎማው የደቀቀ ብናኝ ይጥላል፤ ብናኙም ከመኪናው ክብደት ጋር ይጨምራል፥ ይህንንም በመንገድ ዳር የሚነግደውና የሚለምነው ወገናችን ይስበዋል። ሁለተኛው የባትሪው ነገር ነው፤ የትንሿ ሲጋል ባትሪ ከሠላሳ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ ዋት ሰዓት ሲይዝ፥ የትልቁ ከስድሳ ይበልጣል፥ እስከ ሰማንያ አራትም ይደርሳል። ባትሪም ከመኪናው ሁሉ ውድ የሆነው፥ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው፥ ሲያልቅም የት እንደሚጣል ገና ያልመከርንበት ክፍል ነው። ለአንድ ሰው ወደ ቢሮ መመላለሻ የሚመጣው ባትሪ ለሁለት ቤተ ሰብ ይበቃ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛው የመብራቱ ነገር ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት ሳይደርሰው በሚያመሽበት አገር፥ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ዐሥር ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሚበቃው መኪና እያለ ዕጥፍ ሊደርስ በሚችል ኃይል የሚሄደውን ያለ ልዩነት ማበረታታት፥ ፍትሕ ነው ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም። በነዳጅ ድጎማ ዘመን የሠራነው ስሕተት ይኸው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሊትር እኩል ስንደጕም፥ በመቶ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ከምትጠጣው ይልቅ ዐሥራ አምስት ለሚጠጣው ከሁለት ዕጥፍ በላይ እየሰጠን ኖርን፤ ድሃውን እንረዳለን እያልን።

ሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ ሄደዋልና የእነርሱን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኮ ካር የተባለውን ሥርዓት ስታቆም፥ መኪናው ርካሽ ይሁን ብላ አላወጀችም፤ ሞተሩ በቤንዚን የሚሄድ ከሆነ ከ1300 ሲሲ አይለፍ፥ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ5 ሊትር በላይ አይጠጣ፥ በኪሎ ሜትር ከ120 ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያውጣ አለች፤ ይህን ለሚፈጽም መኪና ኤክሳይዙን ከ30 ወደ 17 በመቶ አወረደችለት። ፋብሪካውንም በአምስተኛው ዓመት በዓመት መቶ ሺህ መኪና ማምረት አለብህ ብላ አሰረችው። በዚህም ትንሽ መኪና የድሃ አገር ማጽናኛ መሆኗ ቀርቶ ወደ ውጭ የሚላክ ሸቀጥ ሆነች። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ሥርዓት ነው፤ ሕጉ ስለ መኪናው ስም አንድ ቃል ሳይናገር፥ የሚበላውንና የሚያወጣውን ስለሚመዝን።

ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሳሳይ ነገር አደረገች፤ ሞተሩ ከ1200 ሲሲ ለማይበልጥና በአንድ ሊትር ቢያንስ 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የቅንጦት ግብሩን አነሣችለት። መኪናዎቹም ተሸጡ፤ ነገር ግን የዋና ከተማዋ የጃካርታ አስተዳዳሪ የነበሩት፥ በሚቀጥለው ዓመት ለፕሬዝዳንትነት የተመረጡት ጆኮ ዊዶዶ፥ ከተማዬ በመኪና ታንቃ ሳለች ርካሽ መኪና ታመጡብኛላችሁን በሚል ስሜት በግልጽ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው እውነት አለበት። ትንሽ መኪናም ቢሆን ቦታ ይይዛል፤ ሺህ ትንንሽ መኪና መገናኛ አደባባይ ላይ ሲቆም ንጹሕ መጨናነቅ ይሆናል እንጂ መጨናነቅነቱ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሕንድ ታሪክ ነው። የታታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 በመቶ ሺህ ሩፒ ትሸጣለች ያላትን ናኖን ለዓለም ባሳየ ጊዜ፥ ሞተር ብስክሌት ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ደርድሮ በዝናብ የሚሄደው አባት ከእንግዲህ ዐረፈ ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ መኪናዋ በዓለም ርካሿ ናት ተብላ ስለ ታወጀች፥ ያ አባት ሊገዛት አፈረ፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ከድህነት መውጣቱን ለጎረቤት ሊያሳይ የፈለገ ሰው፥ ድህነቱን የሚመሰክርበት ዕቃ በደጁ ሊያቆም አልወደደም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራዋ አከተመ። በዚያው አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣችው ማሩቲ 800 ትንሽ ሆና ሳለ ማንንም ሳታሳፍር ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ የዘመናዊ ሰው መኪና ተብላ መጥታለችና። ስለዚህ ትንሽ መኪና እንዲወደድ የሚሻ መንግሥት ለድሆች አሰብኩላችሁ ከማለት ይጠንቀቅ።

የእኛን አገር ጠባይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ላይ ሊከራከረኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ። ወደ ገጠር ለቅሶ የሚሄድ ሰው ጭቃውንና ድንጋዩን በትንሽ መኪና እንዴት ያልፋል? ዘመዱን ሁሉ ጭኖ ወደ ቍልቢ የሚወርድስ? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ለሐኪሙ፥ ለግብርና ባለሙያውና ለመንገድ መሐንዲሱ ከመሬት ከፍ ያለ ጠንካራ መኪና ያስፈልጋል፥ ማንም አይከለክላቸውም። ነገር ግን ከቦሌ ወደ ካዛንቺስ ለመሄድ የበረሓ መኪና የሚነዳው ሰው በዚህ ምክንያት ሥር ሊጠለል አይችልም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ መኪና መከራየት ይቻላል፤ ይህ ልማድ በእኛ ዘንድ ገና እንደ ውርደት መቈጠሩ ነው ነገሩን የሚያከብደው። መንግሥትም በዚህ ፊተኛ መሆን አለበት። የመንግሥት ሰሌዳ የለጠፈ ትልቅ መኪና በከተማ ውስጥ ለስብሰባ ሲመላለስ እያየ፥ ትንሽ ይበቃሃል የሚለውን አዋጅ በቅን ልቡና የሚቀበል ነጋዴ የለም። ሚኒስትር በሲጋል ሲመጣ ያየ የሆቴል ዘበኛ በማግስቱ ለሌላው ሲጋል ሰላምታ መስጠቱ አይቀርም፤ ይህም ምንም በጀት አያስወጣም።

ሥርዓቱን በተመለከተ የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ነገር አይደለም። ሲሲ በሄደበት ቦታ ክብደት ይተካ። ሞሪሸስ እ.ኤ.አ. በ2011 በዘረጋችው ሥርዓት ከተወሰነው ልክ በላይ ካርቦን የሚያወጣው መኪና ጭማሪ ሲከፍል፥ ከዚያ በታች የሚያወጣው ተመላሽ ያገኝ ነበር፤ እኛም በካርቦን ፈንታ በኪሎ ተመሳሳይ መስመር ብናሰምር፥ ግምጃ ቤቱ ሳይጎዳ ከከባዱ የተሰበሰበው ለቀላሉ ማቅለያ ይሆናል። መስመሩም በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ጥቂት ወደ ታች ይውረድ፥ አስመጪዎችም አስቀድመው ይወቁት፤ በአንድ ሌሊት የሚወጣ መመሪያ ነጋዴውን ያስደነግጣል እንጂ አያስተምርም። አሁን በመንገድ ላይ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ብዙ ዘመን እንደሚቈይም መርሳት አይገባም፤ ለእርሱ ደግሞ የቦሎ ምርመራ በመብራትና በፍሬን ብቻ ሳይወሰን ማርሚታውን በመሣሪያ የሚለካ መሆን ይኖርበታል።

ክብደት ይመዘን ሲባል አውቶቡስን ይጎዳል የሚል ስጋት እንዳይነሣ፥ ሚዛኑ በሚጭነው ሰው ይካፈል። ዐሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን አውቶቡስ ስድሳ ሰው ሲጭን ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሁለት መቶ ኪሎ ይደርሰዋል፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝነው ትንሽ መኪና አራት ሰው ሲይዝ ሦስት መቶ ይሆናል፤ ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝነው ግን ነጂውን ብቻ ይዞ ሲሄድ ሁለቱም ሺህ የእርሱ ዕዳ ነው። በዚህ ሒሳብ አውቶቡሱና ሚኒባሱ ይቀልላሉ፥ ትንሿ መኪና ከእነርሱ ቀጥላ ትመጣለች፤ የጃካርታው አስተዳዳሪ ቅሬታም እዚያው መልስ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቍጥርም አዲስ ምርመራ አይጠይቅም፤ የመኪናው ክብደትና የወንበሩ ብዛት ከፋብሪካው ተጽፎ የሚመጣ፥ በሊብሬውም ላይ የሚሰፍር ስለ ሆነ፥ የጉምሩክ ሠራተኛው አንዱን ለሌላው ማካፈል ብቻ ይቀረዋል። ጥያቄ ያለው ቢኖር ከአሁን ጀምሮ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ በተለይ ትልቅ መኪና የያዛችሁ።